የወፍጮ ቤቱ አራተኛ ቢራ

«እማዬ፣ ይህን ክዳን የከፈተ ሰው አለ?»

ጆምሬ ያን ቀን ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት አልቻለችም። መልሱን ሳታውቀው ቀርታ አይደለም። ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከዚያ አልፎ ግን አልወጣ አላት። ልጇ ጁንግሞ የብረቱን ጋን ክዳን አንስቶ፣ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ፊቱን አጨማደደ። በማንኪያ ጨለፍ አድርጎ ቀመሰ። ወደ እናቱ ዞር ብሎ የጠየቃት ከዚያ በኋላ ነው። የሥራ ባልደረባው ሶራ አጠገቡ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ቆማለች።

«እኔ ምን አውቄ፣ ልጄ» አለችና ጆምሬ ያሰጣችውን በርበሬ ላገላብጥ ብላ ወጣች።

«እኔ ምን አውቄ» ዕድሜዋን ሙሉ የተጠለለችበት ቃል ነው። አንድ ሰው ወረቀት ሲዘረጋላት፣ ከቀበሌ ደብዳቤ ሲመጣ፣ ሐኪም ቤት «እዚህ ላይ ሙይ» ሲሏት ከዚህ ቃል ሥር ገብታ ዝናቡ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ያን ቀን ግን ደጃፉን ሳታልፍ የሶራን ድምፅ ከኋላዋ ሰማች።

«ዕቃውን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ምናልባት በደንብ አላጠብኩት ይሆናል።»

ጆምሬ ይህን እየሰማች ወጣች። በርበሬውን አገላበጠች፤ የተገላበጠውን መልሳ አገላበጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጁንግሞ ሴኡል ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ለሰው ሲሠራ ከኖረ በኋላ ወደ ትውልድ መንደሩ ወደ ሶትጎል ተመልሶ፣ በመንደሩ መግቢያ ተዘግቶ የኖረውን የሩዝ ወፍጮ ቤት ቢራ መጥመቂያ አደረገው። ሶራ አብራው መጣች። ሚስቱም እህቱም አይደለችም። የቢራ ጠመቃን አንድ ቦታ የተማሩ ጓደኛሞች ናቸው። መንደሩ ግን ይህን አልተቀበለም፤ ሠርጉ መቼ ነው እያለ ሁለት ዓመት ጠየቀ። ጆምሬም አንዳንዴ በልቧ መጠየቋ አልቀረም።

በመስከረም መጨረሻ ሁለቱ ቢራቸውን ለማስቀመስ ወደ ዴጉ ከተማ ሲሄዱ፣ ቁልፉንና ድመቷን ለጆምሬ ትተውላት ሄዱ። ስድስት ቀን ሙሉ ሲዘንብ ሰንብቶ የዚያን ዕለት ፀሐይ ወጣች። በሶትጎል ከዝናብ በኋላ ፀሐይ ስትወጣ የቤት እመቤት መጀመሪያ የምትሠራው ሥራ አንድ ነው። ጓሮ ወጥታ የአኩሪ አተር ድልህ የተቀመጠባቸውን የሸክላ ጋኖች ትከፍታለች፣ አፋቸው ላይ ሻሽ ታስራለች፣ ፀሐይና ንፋስ እንዲያገኙ ትተዋቸዋለች፤ ጤዛ ሳይወርድ መልሳ ትከድናለች። ይህን ያላደረገች ሴት ድልሁ ሲሻግትባት ጎረቤት ይስቅባታል። ጆምሬ ከእናቷ የተማረችው ሥራ ነው፤ ስትተኛም ስትነሳም የምታውቀው።

ሰባቱን ጋኖቿን ከፍታ፣ ሆዳቸውን ወልውላ፣ ለድመቷ ዓሣ ይዛ ወደ ወፍጮ ቤቱ ሄደች። ከጨለማው ጥግ ትልቁ የብረት ጋን ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ ቆሟል። ክዳኑና ጋኑ በሚገናኙበት ላይ ነጭ ወረቀት በፕላስተር ተለጥፏል። ወረቀቱ ላይ ሦስት መስመር ጥቁር ጽሑፍ አለ። ጆምሬ ጽሑፉን ጉንዳን በተርታ ሲሄድ እንደሚያይ ሰው አየችው። ልጆቹ እንዳይምታታባቸው የቢራውን ስም ጽፈውበት ይሆናል አለች። ከዚያ ጆሮዋን ጋኑ ላይ ለጠፈች። ውስጡ ይንሾካሾካል። እናቷ ድሮ፣ ቤት ውስጥ መጥመቅ በተከለከለበት ጊዜ፣ ከመንግሥት ሰዎች ደብቃ የምትጥለው የሩዝ ጠላም እንዲሁ ይንሾካሾክ ነበር።

አዘነችለት። ስድስት ቀን በዝናብ፣ ሰባተኛውን ደግሞ በጨለማ ታፍኖ። ልጅ ሥራ ሲበዛበት ይረሳል፣ እናት ያለችው ለዚህ አይደል ብላ አሰበች። እጇን ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። ወረቀቱን ጥግ ጥጉ ሳይቀደድ ቀስ አድርጋ አነሳች። ክዳኑን ከፈተች፤ የወፍጮ ቤቱን የብረት መዝጊያ ሽቅብ ጠቅልላ ፀሐይዋን እስከ አረፋው ድረስ አስገባች፤ ከላይ አዲስ የተቀቀለ ሻሽ አለበሰችው። አመሻሹ ላይ ከደነችና ወረቀቱን በቦታው መልሳ ለጠፈች። ወደ ቤቷ ስትመለስ ደስ ብሏት ነበር። ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ አሰበች፤ ልጆቹ ደክመው መጡ፣ ማግስቱን በርበሬ ለቀማ ሆነ፣ ነገሩ ሳይነገር ቀረ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቢራው ኮመጠጠ።

ጁንግሞ የሚጮህ ሰው አይደለም። ቢጮህ ኖሮ ይሻል ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሶራ ያጠበችውን ሁሉ መልሶ ማጠብ ጀመረ። እሷ የጎማውን ቱቦ በፈላ ውሃ አጥባ ስትሰቅል፣ እሱ ምንም ሳይናገር ያወርድና እንደገና ያጥባል። ብርጭቆ እንደዚያው። ማንኪያ እንደዚያው። ሶራ ታያለች፤ ትዞራለች፤ ሌላ ሥራ ትይዛለች። የኮመጠጠውን ቢራ ቦይ ውስጥ ሊደፋው ሲል ከለከለችው። በሁለት አሮጌ የእንጨት በርሜል ገልብጣ ከተራራው የተለቀመ ኦሚጃ የሚባል ቀይ ፍሬ ጨመረችበትና የብርዱን ወራት ሙሉ ዘግታ አስቀመጠችው።

ጆምሬም በኅዳር በመንደሩ አዳራሽ ማክሰኞና ሐሙስ ማንበብና መጻፍ መማር ጀመረች።

አሥራ አንድ ሴቶች ናቸው፤ ትንሿ ስልሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ሁሉም ለልጆቻቸው የሚናገሩት ስፖርት ልንሠራ ነው ብለው ነው። የጎረቤቷ ማልሱን ልጆቿ እንዲያምኗት የስፖርት ጫማ ገዝታ፣ በዚያ ጫማ ተቀምጣ ፊደል ትቆጥር ነበር። ጆምሬ ልጅ ሆና አምስት ታናናሾቿን በየተራ ስታዝል ትምህርት ቤት በአጠገቧ አለፈ። ካገባች በኋላ ባሏ ምስጢሯን ጠበቀላት፤ የሚነበበውን እያነበበ፣ የሚጻፈውን እየጻፈ። እሱ ሲሞት «መነጽሬን ረስቼ ነው» ማለት ለመደች። ጁንግሞ ይህን ደጋግሞ ሰምቶ በልደቷ ቀን መነጽር ገዛላት። ከዚያ ወዲህ መነጽሩን የግድ ቤት እየረሳች መውጣት ነበረባት።

በየካቲት አንድ ቀን ኪምቺ፣ በበርበሬ የተቦካ ጎመን፣ ልታደርስ ወፍጮ ቤቱ ገባች። ልጆቹ ጓሮ ናቸው። አዲስ በተጣለ ቢራ ጋን ላይ ያው ወረቀት ተለጥፏል። ዕቃዋን አስቀምጣ ጣቷን ከመጀመሪያው ፊደል ጀመረች። አንዷን ቃል ስትጨርስ የቀደመችው እየጠፋባት፣ እየተመለሰች፣ እስከ መጨረሻው ደረሰች።

እርሾ እየሠራ ነው። አየር እንዳይገባ። አይከፈት።

የዚያን ቀን ራት ሳትበላ ተኛች። በሕይወቷ ብቻዋን ያነበበችው የመጀመሪያ ወረቀት እሷን የሚከስ ሆነ።

ከዚያ በኋላም ግን አልተናገረችም። ፍርሃቷ ብዙ ነበር፤ አንዱ ሌላውን ይስባል። ክዳኑን እኔ ከፈትኩ ካለች፣ ወረቀቱን አላየሽም ወይ ይላታል። ማንበብ አልችልም ነበር ካለች፣ ልጇ ከወታደር ቤት የላከላትን ደብዳቤዎች ያስባል። ሃያ ሰባት ናቸው፤ በጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀምጣቸዋለች። «አነበብሽው እማዬ?» ባላት ቁጥር «አንብቤ ሳለቅስ ነበር» እያለች ኖራለች። ልቅሶውስ እውነት ነበር። ደግሞ ይናደድና ሴኡል ይመለስ ይሆናል። ዘጠኝ ዓመት ጠብቃው የመጣ ልጅ ነው።

ይህን ሁሉ ስታወጣ ስታወርድ መጋቢት ገባ። ማልሱን ወሬ ይዛ መጣች። በደቡብ ባሕር ዳር በምትገኘው የሶራ አገር በቶንግዮንግ አንድ ቢራ መጥመቂያ ሶራን ፈልጓታል፤ እሷም ሰኞ ሥራ እጀምራለሁ ብላ ቃል ሰጥታለች። ቅዳሜ ወፍጮ ቤቱ መንደርተኛውን ጠርቶ ቢራውን ያስቀምሳል፤ ሶራ እሱን አስተናግዳ፣ ዕቃ አጣጥባ፣ እሑድ በአውቶቡስ ትሄዳለች።

«ምራት አመለጠችሽ» አለች ማልሱን። «እኔ ብሆን ጫማዋን እደብቅባት ነበር።»

ጆምሬ አልሳቀችም። እስከ ቅዳሜ ካልተናገረች ያቺ ልጅ የሷን ጥፋት ተሸክማ ትሄዳለች።

ቅዳሜ ዕለት ከወፍጮ ቤቱ ፊት ያለው የአፕሪኮት ዛፍ አብቦ ነበር። የድሮ የወፍጮ ሳንቃዎች በቢራ ሣጥን ላይ ተዘርግተው ጠረጴዛ ሆነዋል። ለእያንዳንዱ ሰው አራት ትናንሽ ብርጭቆዎች የያዘች የእንጨት ገበታ ትቀርባለች፤ ከገበታዋ ጋር ከአንድ እስከ አራት ቁጥር የተጻፈባት ካርድ አለች። እንግዳው እየቀመሰ የተሰማውን በየቁጥሩ ይጽፋል። የካርዱ ነገር የሶራ ሐሳብ ነበር። የስፖርት ሴቶቹ ካርዱን ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩና አንዷ እርሳስ ከደረቷ አወጣች።

የመጀመሪያው ቢራ ከስንዴ የተጠመቀ፣ እንደ ፀሐይ የሚበራ ነው። ጆምሬ ስትቀምሰው አዲስ የታጨደ ጭድ ሸተታት። የመንደሩ ሊቀመንበር ይህማ ውሃ ነው ብሎ ሁለተኛ አስቀዳ። ሁለተኛው ከኋላው ኮረብታ ላይ ጁንግሞ ራሱ በተከለው፣ ለቢራ እንደ ጌሾ በሚሆነው የሆፕ ሐረግ የተሠራ ነው። ይመራል፤ ምሬቱ ግን በጸደይ ከሚለቀመው የዱር ቅጠል ምሬት ጋር አንድ ስለሆነ አሮጊቶቹ ወደዱት፤ ምራቅ ያመጣል ተባባሉ። ሦስተኛው ጥቁር ነው። ማልሱን አንድ ጊዜ ጎንጨት አለችና ይህ ድስት ሥር የቀረ የሩዝ እርር ነው፣ ባሌ በሕይወት ቢኖር ከዚህ ብርጭቆ አይነሳም ነበር አለች።

አራተኛው ቀይ ነው። ሶራ በበርሜል ያከረመችው።

ጆምሬ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘች። ስትቀምሰው መጀመሪያ አፏን ያዘው፤ ቀጥሎ የፍሬው ጣፋጭነት መጣ፤ በስተመጨረሻ ከሁሉ ኋላ ጥርት ያለ ኩምጣጤ ቀረ። ያን ኩምጣጤ ታውቀዋለች። በገዛ እጇ፣ በፀሐይ፣ በደግነት ያስገባችው ነው። ከጎኗ የተቀመጠ የከተማ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ራሱን ነቀነቀ። ሊቀመንበሩ የተበላሸ የሩዝ ጠላ ነው ብሎ ብርጭቆውን ገፋ አደረገ።

በዚህ መሃል ጆምሬ አንድ ነገር አየች። በዚያ አገር ሰው ለራሱ አይቀዳም፤ ሌላ ሰው ይቀዳለታል፣ እሱም ለሌላው ይቀዳል። ሶራ ከቀትር ጀምሮ ጆግ ይዛ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ስትዞር፣ ለሽማግሌዎቹ በሁለት እጇ ጎንበስ ብላ ስትቀዳ ነበር። ከበሩ አጠገብ የተቀመጠው የሷ ብርጭቆ ግን ደረቅ ነው። ጁንግሞ በአጠገቡ አራት ጊዜ አልፏል፤ አልቀዳላትም። በክፋት አይደለም፤ ማየት ስለተወ ነው። ጆምሬ ያ ባዶ ብርጭቆ ከውርደቷ ሁሉ በለጠባት።

ተነስታ ወደ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ገባች። ትልቁ ጋን በጨለማው ጥግ ቆሟል፤ ወረቀቱ አለ። ሶራ ባዶ ጆግ ይዛ ከኋላዋ ገባች።

«እማማ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ? ወንበር ይቀዘቅዝብዎታል።»

«ሶራ፣ ያን ጊዜ የከፈትኩት እኔ ነኝ» አለች ጆምሬ።

ሶራ ጆጉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «አውቃለሁ፣ እማማ።»

ጆምሬ ጋኑን ተደገፈች።

«ከዴጉ የተመለስን ዕለት እኔ ቀድሜ ነው የገባሁት» አለች ሶራ። «ወረቀቱ ተገልብጦ ተለጥፏል። ጽሑፉ ሁሉ በአናቱ ቆሟል። ነቅዬ አቀናሁትና መልሼ ለጠፍኩት።»

ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስላሳደገቻት አያቷ ነገረቻት። ቶንግዮንግ ወደብ ላይ ዓሣ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ከባሕር ማዶ የሚመጣው ጀልባ የማን እንደሆነ ከሁሉ ቀድማ ትለያለች፤ የአውቶቡስ ቲኬት ሲሰጧት ግን «ዓይኔ ደክሟል፣ አንቺ አንብቢልኝ» ትላለች። ቲኬቱንም ብዙ ጊዜ ገልብጣ ነው የምትይዘው። ሶራ አያቷ እስክትሞት ድረስ አንድም ቀን እንደምታውቅ አልነገረቻትም።

«ታዲያ ለጁንግሞ ለምን አልነገርሽውም?»

«ክዳኑን እናትህ ከፈቱት ብዬ ብነግረው፣ ወረቀቱን አላዩም ወይ ይለኛል። ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ መናገር አልችልም። የእርስዎ ነው።»

ጆምሬ እጇን ይዛ እንዳትሄድ ለመነቻት። ሶራ ፈገግ አለች። ቢራ ይኮመጥጣል፣ በሱ አልተቀየምኩም አለች። ሁለት ጊዜ የሚታጠበው ቱቦ ነው የሰለቸኝ አለች። ደግሞም ለሰኞ ቃሏን ሰጥታለች። ጆጉን ሞልታ ወጣች።

ጆምሬ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ በቢላ የቀረጸቻትን የአዳራሹን እርሳስ ከኪሷ አወጣች። ካርዷን ወደ ራሷ ሳበች። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቁጥሮች ምንም አልጻፈችም። በአራተኛው ላይ ጀመረች። ምላሷን በጥርሷ ይዛ ስትጽፍ ቆየች፤ ቦታው ሲያልቅባት ካርዱን ገልብጣ ቀጠለች። ማልሱን አንገቷን አስግጋ አየቻትና ያንን ሁሉ የምትጽፊው ለእግዚአብሔር ነው ወይስ ለጠማቂው አለቻት። ካነበበችው በኋላ ግን የጆምሬን ብርጭቆ ሞላችላት።

አመሻሹ ሲቃረብ ጁንግሞ ካርዶቹን ሰብስቦ የቢራ ሣጥን ላይ ወጣና ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። ጆምሬ ይህን አላሰበችም ነበር። ብቻውን ሲሆን፣ ቤት ውስጥ፣ ማምሻውን ያነበዋል ብላ ነበር።

አንዱ ካርድ፦ ቁጥር አንድ ሚስቴ ካላየች ጥሩ ነው። ሰው ሁሉ ወደ ሊቀመንበሩ ዞሮ ሳቀ። አንዱ፦ ቁጥር አራት ጥርሴን አሳመመኝ፣ ጨምርልኝ። ጁንግሞ ራሱ ሳቀ፤ ቀጣዩን ካርድ አነሳ። ፊደሎቹ ትልልቅና ጎባጣ ናቸው፤ የአንድ ሕፃን ካርድ መሰለው።

«ቁጥር አራት» ብሎ አነበበ። «ቁጥር አራትን ያኮመጠጥኩት እኔ ነኝ።»

ሰዉ በድጋሚ ሳቀ። ጁንግሞ እየሳቀ ቀጠለ። «አይከፈት የሚለውን ማንበብ አልቻልኩም ነበር።» ሁለተኛውን ዐረፍተ ነገር ሲጨርስ ሳቁ ቀርቶ ነበር። ካርዱን ገለበጠ። ከኋላው የሶራ እጅ ንጹሕ እንደነበር ተጽፏል፤ ይህን በልቡ አነበበው እንጂ ድምፅ አላወጣም።

«ይህን የጻፈው ማነው?» አለ።

ሶራ በሩ አጠገብ መሬት መሬት ታያለች። የአፕሪኮቱ አበባ ጠረጴዛው ላይ ይራገፋል። ጆምሬ አዳራሹ ውስጥ መምህሯ እንዳስተማረቻት ክንዷን በሌላኛው እጇ ደገፍ አድርጋ፣ ጣቷን ዘርግታ፣ እጇን አወጣች።

ጁንግሞ እጇን አየ። ካርዱን አየ። እንደገና እጇን አየ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የኖረ ሰው የእናቱን የእጅ ጽሑፍ አያውቀውም።

«ምን ታፈጣለህ» አለችው ማልሱን። «ስፖርት ስፖርት ስንልህ የነበረው ይኸው ነው።»

ከሣጥኑ ወርዶ ወደ እናቱ መጣ። አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ሌላ ሰው በማይሰማበት ድምፅ አንዲት ነገር ብቻ ጠየቃት።

«ከወታደር ቤት የጻፍኩልሽስ?»

«አባትህ ነበር የሚያነብልኝ» አለች ጆምሬ። «አሁን ራሴ ጀምሬዋለሁ። ሦስተኛው ላይ ደርሻለሁ። እግርህ ተልጧል።»

በዚያ አገር ልጅ በታላቅ ፊት ሲጠጣ ፊቱን ወደ ጎን ያዞራል። ጁንግሞ እጁ ላይ ብርጭቆ አልነበረም፤ ፊቱን ግን እንደዚያው ወደ ጎን አዙሮ ቆየ። ጆምሬ አንገቱ ላይ የወደቀውን አበባ አነሳችለት።

ከዚያ ብድግ አለ። ከቀዩ ቢራ ጆግ ሞልቶ ወደ በሩ ሄደ። የሶራን ደረቅ ብርጭቆ በውሃ አለቅልቆ ሰጣት፤ በዕድሜ ስለሚበልጣት በአንድ እጁ ሊቀዳላት የሚችል ሰው፣ ጆጉን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ ብሎ ቀዳላት። ምን እንዳላት ጆምሬ አልሰማችም፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ብቻ አየች። ሶራ ብርጭቆውን በሁለት እጇ ተቀብላ እስከ ታች ጠጣችው። ቀጥላ ጆጉን ከእጁ ወሰደችና ለሱ ቀዳችለት። ሊቀመንበሩም ነገሩ ሳይገባው ያንን የገፋውን ብርጭቆ ወደ ራሱ ስቦ ጨረሰው።

ሰው ከተበተነ በኋላ ሦስቱ ሆነው ዕቃ አጠቡ። ሶራ አጥባ የደረደረችውን ጁንግሞ አልነካም፤ በፎጣ ያደርቅ ነበር። ጆምሬ ይህን አየችና ነገሩ የተስተካከለ መሰላት። ሶራ ግን ሻንጣዋ እንደታሰረ ነው። ቃል ሰጥቻለሁ አለች፤ የቶንግዮንግ ሰዎች ሰኞ ጠዋት ሰው ይጠብቃሉ፣ የተጣለ ቢራ አላቸው፣ ከሁለቱ ጠማቂዎቻቸው አንዱ ታሟል፣ አሁን አልመጣም ብላቸው ነውር ነው። ይህን ማንም ሊከራከረው አልቻለም።

ጁንግሞ ፎጣውን አጥፎ አስቀመጠ። በኋላ ስልኩን ይዞ ወደ አፕሪኮቱ ዛፍ ሥር ወጣ። ሲመለስ፣ በሶራ ፈንታ እኔ ብመጣ ግድ የላቸውም፣ ጠይቄያቸዋለሁ አለ። አንድ ዓመት ነው አለ። ንጹሕ እጅ ስወቅስ የከረምኩት አፍንጫዬ ከአየር የመጣን ኩምጣጤ ካልታጠበ ዕቃ ከመጣው መለየት ስለማይችል ነው፣ ከሰው ሥር ሆኜ ልማረው አለ። ሶራ ወፍጮ ቤቱ የአንተ ነው ብትለው፣ ልደፋው የነበረውን ቢራ ጠብቀሽ ያደረስሽው አንቺ ነሽ፣ ላንቺ ካልተውኩት ለማን ልተወው ብሎ መለሰላት። ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። እዚያ ሆኜ ስልክ አልደውልም፣ ደብዳቤ እጽፍልሻለሁ አላት።

ጆምሬ ስድስት ወር ስትፈራው የኖረችው ነገር ይኸው ደረሰ። አትሂድ ማለት አማራት። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄሃለሁ ማለት አማራት። ያለችው ግን የባሕር ንፋስ እግር ያቀዘቅዛል፣ ወፍራም ካልሲ ያዝ ነው። ማለዳ ተነስታ አንድ ማሰሮ ኪምቺ በሦስት ላስቲክ ጠቅልላ ሻንጣው ውስጥ ከተተች፤ ከላዩ ላይ በትልልቅ ጎባጣ ፊደል «እስክትደርስ አይከፈት» ብላ የጻፈችበትን ወረቀት ለጠፈች። ወረቀቱ በቀጥታ መለጠፉን ሁለት ጊዜ አየች። ሶራ ከበስተኋላዋ ቆማ ሳቀች፤ ድመቷን አቅፋለች።

እሑድ በአውቶቡሱ የሄደው ጁንግሞ ነው። ሶራ ቀረች።